ስለ ገጀራ እጀታ፤ በጎርጎራና በጣና ባሕር ዳር ለሚሠሩ ሰዎች እንዴት እንዲበጅ የሚገባ

የአገር አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላችሁ ጌቶች ሆይ፤ ስለ በሬ፣ ስለ ዘርና ስለ ማረሻ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ገጀራ ግን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋጋው ትንሽ የሆነ ዕቃ አሳቢ አያገኝምና። ነገር ግን በጎርጎራና በደንቢያ ዙሪያ ዝናሙ ካባራበት ጊዜ ጀምሮ ቁጥቋጦ ለመመንጠር፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ለመቁረጥ፣ አጥር ለማጠር፣ ማገዶ ለማዘጋጀት የሚወጣው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ከእጁ የማይለየው መሣሪያ ገጀራ ነው። በዘጌም ደሴት መሰል ምድር ከጥንት ጀምሮ ሞፈርና ቀንበር አይገባም ሲባል ስለ ቆየ፣ ቡናውን የሚያጸዳው የእጅ መሣሪያ ነው። ገጀራው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ተገዝቶ ለሠራተኛው ሲታደል ስለቱን በአውራ ጣቱ የሚፈትን ሰው አይጠፋም፤ እጀታውን የሚመረምር ግን የለም።

ይህም ቸልታ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛው፣ የእጀታው ማዕዘን የቆመ ወይም በቀለም የተላሰ እንደ ሆነ፣ የሠራተኛው መዳፍ ገና ቀትር ሳይሆን ውኃ ይቋጥራል፤ በማግሥቱም ለሥራ አይነሣም፤ ቢነሣም እጁን እየሳሳለት ግማሹን ሥራ ሠርቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። በላብ ወይም በባሕሩ ውኃ የረጠበ እጅ የሚሙለጨለጨውን እጀታ ለመያዝ አጥብቆ ይጨብጣል፤ አጥብቆ የጨበጠ እጅ ቶሎ ይዝላል፤ የዛለ እጅ ደግሞ ይለቃል። የለቀቀውም ገጀራ የሚያርፈው በቅልጥም ላይ ወይም በአጠገብ ባለው ባልንጀራ ላይ ነው። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ቀበሌ እንዲህ ያለው ቁስል ምን ያህል ቤት እንደሚፈታ ሹማምንቱ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ይህን ነገር ከብርዕ ያውቀዋል። ብርዑ ከመጠን በላይ የቀጠነ እንደ ሆነ ጣቶቹ ተጨማደው ይደነዝዛሉ፤ ከመጠን በላይ የወፈረ እንደ ሆነ ደግሞ ፊደሉ ይወላገዳል። ስለዚህ ጸሐፊው መቃውን ለጣቱ ልክ አድርጎ ይቀርጻል እንጂ ጣቱን ለመቃው ልክ አያደርግም። በገጀራም ፍርዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የብርዑ ስሕተት የሚያበላሸው ብራናውን ብቻ መሆኑ ነው።

የእጀታውን ውፍረት ለመለካት የዕቃ ብዛት አያሻም። ሠራተኛው እንደ ልማዱ ሲጨብጠው የጣቶቹ ጫፎች መዳፉን ለመንካት ጥቂት የቀራቸው ከሆነ ልኩ ነው። ጣቶቹ መዳፉን ወግተው የሚያልፉ ከሆነ ቀጥኗል፤ አውራ ጣቱና ሌሎቹ ጣቶች ሩቅ ለሩቅ የሚተያዩ ከሆነ ወፍሯል። ርዝመቱም ከመዳፉ ስፋት ሁለት ጣት ያህል ይለፍ፤ ይህም ለአማካኝ ሰው ከ13 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ካጠረ ትንሿ ጣት ከውጭ ትቀራለች፤ በሚወነጨፍ መሣሪያ ላይ ግን ዋናዋ ጠባቂ እርሷ ናት።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አሠራሩ እንጽፋለን። አሮጌው እጀታ በሞረድና በመሮ ከተነሣ በኋላ አስቀድሞ ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጭራ ይታይ። ጭራው እንደ እጀታው ሰፊ ሆኖ እስከ መጨረሻው የሚደርስ ከሆነ መልካም ነው፤ አጭርና ቀጭን የሆነ እንደ ሆነ ግን ያ ገጀራ ሣርና አገዳ ይቁረጥ እንጂ እንጨት እንዲመታ አይሰጥ። ቀጥሎ እንጨቱ ይመረጣል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ሚስማር በያዘው ስፍራ አይላላም፤ ክብደቱ ግን ይሰማል። ዋንዛ ቀላልና ለመቅረጽ የሚመች ነው፤ ነገር ግን ገር ስለ ሆነ በችንካሩ ዙሪያ ቶሎ ይበላል። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከተሠራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የትኛውም ቢሆን በጥላ የደረቀ ይሁን እንጂ በፀሐይ የተጣደ አይሁን፤ የእንጨቱም ጭረት ከእጀታው ርዝመት ጋራ አብሮ ይሂድ። ጭረቱ አግድም የሄደ እንጨት በመጀመሪያው ብርቱ ምት ይከፈላል።

ሁለቱ የእንጨት ክፋዮች በጭራው ግራና ቀኝ ይለጠፋሉ። ከመለጠፋቸው በፊት በመካከል የቀለጠ ሰም ቢቀባ ውኃ ገብቶ ብረቱን ከውስጥ እንዳያዝገው ይከለክላል፤ ለባሕር ዳር ሰው ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። የችንካሩ ቀዳዳ በጋለ ወስፌ ይከፈታል። ለችንካር ወፍራም ሚስማር ቆርጦ፣ ከሁለቱም ወገን ትንሽ የብረት ቀለበት አስገብቶ፣ ጫፉን በቀላል መዶሻ ደጋግሞ መምታት ነው። አንድ ጊዜ በኃይል የሚመታ ሰው እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ጭራው ቀጭን ሆኖ በአንድ ወጥ እንጨት ውስጥ በትኩሳት የሚገባ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የሚግለው ጭራው ብቻ ይሁን፤ ስለቱ በረጠበ ጨርቅ ይጠቅለል። እሳት ያገኘው ስለት ይለዝባል፤ ከዚያ ወዲያ ቢስሉት እንኳ ስለት አይዝም።

ቅርጹ እንደ እንቁላል ሞላላ ይሁን እንጂ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ክብ አይሁን። ሞላላ የሆነ እንደ ሆነ እጅ ሳያይ ስለቱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል፤ ክብ የሆነ እንደ ሆነ ግን በመዳፍ ውስጥ ይዞራል። ወደ ስለቱ በኩል ያለው የእጀታው መጀመሪያ ጥቂት ወፈር ይበል፤ እጅ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ስለት እንዳያገኝ ነው። በስተኋላ ደግሞ እንደ ተረከዝ ወደ ታች ቀለስ ያለ ይሁን፤ ትንሿ ጣት በዚያ ትያዛለች፤ ገጀራውም ሲወነጨፍ ከእጅ አይወጣም። ማዕዘኑ ሁሉ በሞረድ ይሙት፤ ከዚያ በኋላ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቅ፤ ነገር ግን እስኪያበራ ድረስ አይለስልስ። ለዐይን የሚያምር እጀታና ለእጅ የሚመች እጀታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በመጨረሻም የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ጥቂት ቀን በጥላ ይቀመጥ። የተልባ ዘይት በእንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ ቅቤ ግን አይደርቅም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል፣ ያሟልጫልም።

ብዙ ሰዎች እጀታውን በጠፍር መጠምጠም ይወዳሉ። ጠፍር በውኃ ተነክሮ ተጠምጥሞ በጥላ ሲደርቅ ይጨመደዳልና እጅግ የጠበቀ ይሆናል፤ ለደጋው አገር የሚሻል የለም። በጣና ዳር ግን ሠራተኛው ከውኃው ገብቶ ሲወጣ ጠፍሩ ዳግመኛ ይርሳል፣ ይላላል፣ ይሸታል። ስለዚህ በዚያ ስፍራ በሰም የታሸ የጥጥ ገመድ ይሻላል። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠው የሚጠመጥሙም አሉ፤ በረጠበ ጊዜ መልካም ይይዛል፤ በፀሐይ ግን መዳፍን ያግላል፣ ያቆስላልም። በእጀታው ጫፍ ቀዳዳ ተበጅቶ የሚገባውን ማንጠልጠያ ገመድ በእጅ አንጓ ላይ አጥብቆ ማሰር አደገኛ ነው፤ ያመለጠው ገጀራ ዞሮ ክንድን ይመታል። ገመዱ በአውራ ጣት ላይ ገብቶ በመዳፍ ጀርባ ይዙር፤ እጅ ሲከፈት አብሮ ይለቃል።

ስለ ስለቱ በአጭሩ እንናገር። ከእጀታው ቀጥሎ ያለው አራት ጣት ያህል ስፍራ ሳይሳል ይቅር፤ ሠራተኛው ችካል ለማሾል ወይም ልጥ ለመላጥ ሲፈልግ ጣቱን ወደዚያ አቅርቦ ይይዛል፤ አንዱ ገጀራ እንደ ቢላዋም ያገለግለዋል። የመካከሉ ስለት ለእንጨት ወፈር ይበል፤ ወደ ጫፉ ያለው ለሣርና ለአገዳ ይሳሳ። በመብራት በሚዞር መሳያ የሚያስስሉ ሰዎች ይጠንቀቁ፤ ብረቱ ሰማያዊ መልክ ካወጣ ጥንካሬው ሄዷል። በውኃ የረጠበ የአሸዋ ድንጋይ ቢዘገይም አያበላሽም።

ይህ ሁሉ ለጎርጎራ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በአሮጌው ጎርጎራ በድንጋይ ባስሠሩ ጊዜ፣ በ1622 በፈረንጆች ዓመት በዚያው ያረፈው ጴድሮ ፓኤዝ ሠራተኞቹን መዶሻና መሮ ሳይቀር መሣሪያ ሁሉ መሥራትን እንዳስተማረ ስለ እርሱ የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ከዚያም ወዲህ በጎንደርና በደንቢያ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን ይቀጠቅጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። የእነርሱ እጅ የሚያውቀው ብረቱን ብቻ አልነበረም፤ የገዢውንም መዳፍ አይተው እጀታውን ያበጁለት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ዐሥራ አራት ሺህ ያህል ሰዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ወናፉና ጥበቡ አብሯቸው ሄደ። ባለ እጅን ሲንቅና ሲሰድብ የኖረ አገር የባለ እጅን ዋጋ የሚያውቀው ከሄደ በኋላ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ መከልከላቸው ይታወሳል፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በአንዳንድ ገበያ ገና ይሰማል። በወረዳችሁ የቀረ ቀጥቃጭ ቢኖር ሥራ ስጡት፤ ልጆችንም አስተምር በሉት፤ ደመወዙንም አታጓትቱበት።

አንዱ ቅርጽ ለሁሉ እንደማይሆን ነጋዴዎች ከሹማምንት አስቀድመው አውቀውታል። በአሜሪካ በኮነቲከት ከ1826 እስከ 1966 በፈረንጆች ዓመት የሠራው የኮሊንስ ኩባንያ ገጀራን ለላቲን አሜሪካ አገሮች ሲልክ፣ ለአንዱ አገር የሚልከው ቅርጽ ለሌላው ከሚልከው የተለየ ነበር፤ ሸንኮራ የሚቆርጠውና ዱር የሚመነጥረው ሰው አንድ ዐይነት እንደማይጠይቅ ገብቶት ነበርና። እኛ ግን ሺህ ገጀራ በአንድ ጨረታ ገዝተን ለትልቁም ለትንሹም እጅ እናድላለን።

ስለ እምቦጭም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ይህ የውኃ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ በጣና መታየቱ በ2011 በፈረንጆች ዓመት ታወቀ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ ሲያስወግደው እንደ ነበረ ይታወቃል። እንዲህ ባለ ዘመቻ ገጀራ የሚታደል እንደ ሆነ፣ ውኃው ውስጥ ቆሞ አረሙን መክተፍ ክልክል መሆኑ አስቀድሞ ይነገር። እምቦጭ ከእናቱ በሚዘረጋው ሐረግ ይራባልና፣ የተቆረጠው ቁራጭ በማዕበል ተወስዶ በሌላ ስፍራ ይበቅላል። አረሙ በሙሉ ተነቅሎ ከውኃው ርቆ ወደ ደረቅ ምድር ይውጣ፤ ገጀራ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ክምሩን ለመቆራረጥ ነው። ለታንኳ የሚሆነውም ደንገል የሚቆረጠው በማጭድ ይሁን፤ ሥሩ ሳይነቀል ከተቆረጠ ዳግመኛ ያቆጠቁጣል፤ በገጀራ ሲመታ ግን ግንዱ ይፈረከሳል፤ የተፈረከሰው ደንገል ውኃ ይጠጣል።

ግዢውን የምታዙ ሹማምንት፣ ከገጀራው ዋጋ ጋራ ለእንጨት፣ ለችንካርና ለባለ እጁ የሚሆን ገንዘብ አብራችሁ መድቡ፤ ሥራውም በክረምት ይለቅ፤ በጥቅምት ሁሉ ሰው ሲጠራ እጀታ የሚያበጅ አይገኝም። ከመታደሉም በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ጨብጦ ይለካ፤ ትልቁ ለትልቁ፣ ቀጭኑ ለቀጭኑ ይሰጥ። ከሠራተኞቹ መካከል ግራኞች ይጠየቁ። በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ስለት በግራኝ እጅ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ስለዚህ የእነርሱ ገጀራ በተቃራኒው ወገን ይሳል፤ በእጀታውም ተረከዝ ላይ በጋለ ብረት አንዲት ነጥብ ተደርጎ ለብቻው ይቀመጥ።