ስለ ድምፅ መርገብገብ፤ የመጀመሪያውን ሲንተሳይዘር ለገዛ ሰው



ከቢሮ ሥራ በኋላ ለመንፈስ ማደሻ ይሆነኛል ብለው ሲንተሳይዘር የተባለውን የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ገዝተው አሰላ ያስገቡ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያው ምሽት የሚያጋጥምዎን ነገር አስቀድሞ መናገር አያስቸግርም። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በሩን አስዘግቶ፥ እርስዎም ትዝታን በአንድ እጅ ሲሞክሩ፥ ድምፁ ከጣትዎ ሥር ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሳይነቃነቅም እንደ ቴሌፎን ድምፅ ይቆማል። ቅኝቱ ትክክል ነው፤ ጣትዎም አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ትዝታ አይመስልም። የጐደለው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከመሰንቆ መጀመር ይሻላል።

የመሰንቆ ክር ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ነው፤ ፈረስ ለአርሲ ደጋ ሰው እንግዳ አይደለምና በዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም። ተጫዋቹ ክሩን ከዘንጉ ጋራ አጣብቆ አይጫነውም፤ አየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይዳስሰዋል እንጂ። ስለዚህ ጣቱ ጥቂት በተንቀጠቀጠ ቍጥር ድምፁም ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ መርገብገብ በአውሮጳውያን የሙዚቃ ቋንቋ ቪብራቶ ይባላል። ልብ ብሎ ለሰማ ሰው ደግሞ ጥሩ አዝማሪ ድምፁን ገና እንደ ጀመረ አያርገበግብም፤ በመጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፥ ከዚያም ቃሉ ሊያልቅ ሲል ያንቀጠቅጠዋል። ይህን ነገር ያስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሲንተሳይዘር ውስጥ ድምፅ የሚያመነጨው ክፍል ኦስሌተር ይባላል። ቁልፉን ሲጫኑ፥ ለምሳሌ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ያወጣል፤ ይህም ብዙ ኦርኬስትራ የሚቃኝበት የታወቀ ድምፅ ነው። ከእርሱ ሌላ ግን ኤልኤፍኦ የተባለ ዝግተኛ አመንጪ አለ። እርሱ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ ለብቻው ለጆሮ አይሰማም፤ ሥራው ሌላውን ክፍል ማነቃነቅ ነው። ሞዱሌሽን የሚሉትም ይኸው፥ አንዱ ክፍል ሌላውን እንዲያነቃንቅ ማዘዝ ነው። አድራሻ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት እንደማይወጣ ሁሉ፥ ኤልኤፍኦም ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚያነቃንቅ ካልታዘዘ ምንም አያደርግም። ጀማሪ ሰው የፍጥነቱን ማዞሪያ ግራና ቀኝ እያዞረ “መሣሪያው ተበላሽቷል” የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መጠኑን ከዜሮ ሳያነሣ ቀርቶ ነው።

እንግዲህ የኤልኤፍኦውን አድራሻ የድምፁ ከፍታ ያድርጉት፤ የሞገዱንም ቅርፅ ክብ ወይም ሦስት ማዕዘን ይምረጡ። አራት ማዕዘኑን ከመረጡ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ የአምቡላንስ ጩኸት ይሆንብዎታል። ፍጥነቱን በሴኮንድ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ያድርጉት፤ የሠለጠነ ዘፋኝ ድምፅም የሚርገበገበው በዚሁ አካባቢ ነው። እጅግ ከፈጠነ የፍየል ድምፅ ይመስላል፤ እጅግ ከዘገየም ቅኝቱ የተበላሸ ያስመስላል። መጠኑን በተመለከተ፥ ጎን ለጎን ባሉት ሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት እንደ ብር በ100 ሳንቲም የተከፈለ ነው፤ ባለሙያዎቹም ሴንት ይሉታል። ለመጀመሪያው ጊዜ ወደ ላይም ወደ ታችም 30 ሴንት ይበቃል። በዚህ መጠን የ440ው ድምፅ ከ432 እስከ 448 ገደማ ይወዛወዛል ማለት ነው።

አሁን ወደ አዝማሪው እንመለስ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ይመስለኛል። ኤልኤፍኦው ከተለቀቀ በኋላ አያርፍም፤ አጭሩንም ረጅሙንም ድምፅ እኩል ያርገበግባል። በየሠርጉ የሚሰማው ኪቦርድ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያድረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለሰሚው አድካሚ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። በብዙ መሣሪያ ላይ ማዘግያ አለ፤ እርሱን ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቢያደርጉት ድምፁ ቀጥ ብሎ ጀምሮ ኋላ ይርገበገባል። ከዚህ የሚሻለው ግን በቁልፎቹ ግራ ያለችው ትንሽ መንኰራኵር ናት፤ እርስዋን በአውራ ጣት ወደ ላይ ሲገፉ መርገብገቡ ይጨምራል፥ ሲመልሱ ይጠፋል። የሙግ ኩባንያ በ1970 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ያወጣው ሚኒሙግ ይህችን መንኰራኵር በግራ እጅ ሥር አስቀምጧት ነበር፤ ዛሬም የብዙ መሣሪያዎች ልማድ ሆና ቀርታለች። ቀኝ እጅዎ ዜማውን ሲጫወት ግራ እጅዎ የመሰንቆ ተጫዋቹን ጣት ተተክቶ ይሠራል።

የኤልኤፍኦው አድራሻ የድምፁ ኀይል በሆነ ጊዜ፥ ከፍታው ሳይለወጥ ድምፁ ይጐላል፥ ይደክማልም፤ ይህ ትሬሞሎ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወትበት ቪብራፎን ስሙ ቪብራቶን ቢያስታውስም ሥራው ይኸኛው ነው፤ ከብረቶቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክዳኖች እየከፈቱና እየዘጉ ድምፁን ያወዛውዙታል። በብዙ አኮርዲዮን ውስጥ ደግሞ ለአንድ ቁልፍ ጥቂት የተለያዩ ሁለት ምላሶች አሉ፤ አንዱ 440፥ ሌላው 444 ቢሆን ድምፁ በሴኮንድ 4 ጊዜ ይመታል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በዋሽንግተን ብቻውን ሆኖ በቀዳው ካሴት አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋራ አጣምሯል፤ በ2013 ዳግመኛ ታትሞ ብዙ አገር ተሰማ። ሁለት ኦስሌተሮች ያሉት መሣሪያ ከገዙ አንዱን ጥቂት ያዛንፉና ከዚያ ካሴት ጋራ ያስተያዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1967 ጆን ቻውኒንግ የተባለ ሰው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ላይ ቪብራቶን ሲሞክር፥ ፍጥነቱንና መጠኑን እየጨመረ ሄደ። ከአንድ ልክ በላይ ባለፈ ጊዜ ጆሮው መርገብገቡን መስማት አቆመ፤ በምትኩ አዲስ የድምፅ ቃና ሰማ፥ የደወልና የነሐስ ዐይነት። ያማሃ ኩባንያ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን መሣሪያ አወጣበት። እርስዎም የኤልኤፍኦዎ ፍጥነት ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ይሞክሩት።

ደስ የሚል ድምፅ ባገኙ ጊዜ የማስቀመጫውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ማስቀመጫ የሌለው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን ማዞሪያ ቍጥር በወረቀት ይጻፉ። መብራት በድንገት የሚጠፋበት ምሽት አይጠፋምና ይህን ለነገ አያሳድሩት።