ባንድ የሌለው ባንድ
(ክፍል 3)

ካለፈው የቀጠለ

ባለፈው ሳምንት ኃይሉ መርጊያን አዲስ አበባ ሂልተን፣ ኦርጋኑ ፊት እንደተቀመጠ ነበር የተለየነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ የለመደው ልጅ የዋሊያስ ባንድ ምሰሶ ሆኗል። ዋሊያሶች የሚጫወቱበት መሣሪያ የክለብ ባለቤትም የመንግሥትም አልነበረም፤ የራሳቸው ነበር። ነፃነታቸው የጀመረው ከዚያ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ክለቡ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣምና፣ እነሱም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው»ን አሳተሙ። በ1981 ደግሞ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ወደ ደርግዋ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ግማሹ ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ወገን ነበር። ዋሽንግተን ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዙላ ባንድን አቋቋመ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ሙዚቃ ተማረ። ይሁን እንጂ ያ ሌሊቱን ሙሉ አብሮ ሲጫወት የኖረ፣ ዓይን ለዓይን የሚግባባ ቡድን ዳግም አልተሰበሰበም።

ታዲያ ሙዚቀኛ ባንዱን ሲያጣ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. 1985። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ። ከበሮ መቺ የለም፤ ድራም ማሽን አለ። ቤዝ ተጫዋች የለም፤ ሙግ ሲንተሳይዘር አለ። ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ያማሃ ዲኤክስ 7 ተደርድረዋል። ከሁሉም ፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኦርጋን ከመጣ በኋላ እየተረሳ የሄደው አኮርዲዮን ተቀምጧል።

ኃይሉ ሁሉንም በየተራ ራሱ ተጫወተ፤ አንዱን ቀድቶ ሌላውን ደረበበት። ሥራው የእጅ ብልሃት ብቻ አይጠይቅም። ባንድ ውስጥ ከበሮ መቺው ይሰማሃል፤ ስትዘገይ ይጠብቅሃል፣ ስትሞቅ አብሮህ ይሞቃል። ማሽን ግን ማንንም አይሰማም። አምባሰልን በማሽን ምት ላይ ማንጎራጎር የፈለገ ሰው ትንፋሹን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ኃይሉ ያመጣው ከአኮርዲዮኑ ወናፍ ነው። ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ዜማው ይተነፍሳል፤ የማይተነፍሰው ምት ላይ ሰው ይገባበታል። እኔ ከዚህ ሥራ የወጣውን ካሴት የምወደው ለዚህ ነው። ብቸኝነት የወለደው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በውስጡ አንድ ሙሉ ሰፈር ይሰማኛል።

ካሴቱ አገር ቤት ገባ። ሙዚቃ ቤቶች ሸጡት፤ ሰው ሰማው። ከዚያ ሌሎች ካሴቶች መጡ፣ ሌሎች ድምፆች ነገሡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኃይሉ ከመድረክ ወረደ፤ ኑሮውን በታክሲ መሪ ላይ መሠረተ። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚሰለፉት ባለታክሲዎች አንዱ ሆነ። ሌሎቹ ተራቸውን ሲጠብቁ ሲያወጉ፣ እሱ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይለማመዳል። አድማጭ የለውም፤ የተያዘለት ዝግጅትም የለም። ግን ጣቱን አላሳረፈም። መሣሪያው ዛሬም የራሱ ነው።

ዓመታት አለፉ።

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ፣ ባሕር ዳር። የአፍሪካ ካሴቶችን እያሰሰ የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ከተደረደሩ አሮጌ ካሴቶች መካከል አንዱን መዘዘ። ሲያዳምጠው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ድራም ማሽን፣ ሲንተሳይዘር፣ አኮርዲዮን፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ። ስሙን ይዞ ፍለጋ ገባ። ሰውየው በሕይወት አለ። የሚኖረውም አሜሪካ ነው። ስልክ ቁጥሩም ተገኘ።

ደወለ።

ኃይሉ አነሳ። ደዋዩ ያንን የ1985 ካሴት እንደገና ማሳተም ይፈልጋል፤ ነገሩ ግን በማሳተም አያበቃም። ሙዚቃውን የሰማ ሰው ሙዚቀኛውን በመድረክ ማየት ይሻል። ዕድሜው ስድሳ አምስትን ተሻግሯል፤ ከመድረክ ከወረደም ሃያ ዓመት አልፏል። ያኔ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን የተካውን ባንድ አሁን በሕዝብ ፊት ከየት ያመጣዋል? እነዚያን ዜማዎችስ ከማሽን ነጥቆ ለሕያው ከበሮ መቺ አሳልፎ ይሰጣል?

መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት።

ይቀጥላል