የላም ሆድ በድንገት ሲታመም

በቂርቆስና በካዛንቺስ በጓሮው ላም አስሮ፥ በወተቷ ልጆች ያሳደገ ሰው ጥቂት አይደለም። ላም ግን መኖዋን በሚገባ ሳታላምጥ ስለምትውጥ ፌስታሉን፥ ገመዱንና ሚስማሩን ከሣሩ አትለይም። በአዲስ አበባ ቄራ የታረዱ ከብቶች ጨጓራ በተመረመረ ጊዜም ይኸው ታይቷል፤ ይልቁንም ፌስታሉ በዝቶ ተገኝቷል።

ፌስታል ስለማይፈጭ በጨጓራ ውስጥ ይከማቻል፤ መተላለፊያውንም ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የላሚቱ ሆድ ይነፋል፤ ማመስኳቷንም ትተዋለች። ሐኪሙ ላሚቱ እንደ ቆመች ግራ ጎኗን በመርፌ አደንዝዞ፥ ቆዳውንና ሥጋውን ሰንጥቆ ከጨጓራው ይደርሳል። ጨጓራውን አስቀድሞ ከቆዳው ጋር የሚሰፋው፥ ፈርሱ ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ እንዳይመርዝ ነው። ከዚያም ጨጓራውን ከፍቶ ባዕዱን ነገር በእጁ ያወጣል፤ መልሶም በድርብ ይሰፋዋል።

አንጀት ሲጠማዘዝ ግን ነገሩ ይብሳል፤ ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታልና። ሐኪሙ በቀኝ ጎን ገብቶ የተጠማዘዘውን ይፈታል፤ የሞተ ክፍል ቢኖር ቆርጦ ጤነኛውን ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል።

እንግዲህ ላም ሆዷን በእግሯ ስትመታ፥ እበቷም ሲቋረጥ፥ «ነገ ይሻላታል» ማለት አይገባም፤ ዕለቱን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞችን ሲያፈራ ኖሯል። ፌስታልን በየመንገዱ አለመጣል ግን ከሐኪሙ ቢላዋ ይቀድማል።