የቤት ፋይል ሰርቨርን ወደ አዲስ ሃርድ ዲስክ ማዛወር

ሰርቨር ወደ አዲስ ዲስክ ሲዛወር ፋይል መገልበጡ ቀላሉ ክፍል ነው። በሊኑክስ ላይ አርሲንክ የተባለው ፕሮግራም ሥራውን በደንብ ይወጣዋል።

ፈተናው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ሊኑክስ የፋይልን ባለቤት የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭናችሁ ተጠቃሚዎቹን በሌላ ቅደም ተከተል ከፈጠራችሁ፣ የእናት የነበረው የፎቶ ፎልደር የልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ አሮጌውን ሲስተም ከማጥፋታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ቁጥር (1000፣ 1001 እያለ የሚሄደውን) መዝግቡ። ፋይሎቹን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያጋራው የሳምባ ፕሮግራም የይለፍ ቃሎችም የሚቀመጡት ለብቻቸው በራሳቸው ዳታቤዝ ነው፤ የማዋቀሪያ ፋይሉን ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም።

ዲስኩ ሲስተሙ ሲነሣ በራሱ እንዲገናኝ ስታዋቅሩ በዩዩአይዲው (በራሱ ልዩ መለያ) ጥሩት፤ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ሊቀያየሩ ይችላሉ። እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ፦ ዲስኩ ሳይገናኝ ሰርቨሩ ከተነሣ ዲስኩ የሚገናኝበት ፎልደር ባዶ ሆኖ ይታያል፣ የሚላክለትን ባክአፕ ግን ይቀበላል። የሚጽፈው ሲስተሙ ባለበት ዲስክ ላይ ነው፤ ያ እስኪሞላ ድረስ ማንም ላያውቅ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ሩቅ ስጋት አይደለም። ባክአፑ ከመጀመሩ በፊት ዲስኩ መገናኘቱን የሚያረጋግጥ አጭር ስክሪፕት መጨመር ይገባል ባይ ነኝ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ኢኤክስቲ 4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ሳይነገረው ከቦታው 5 በመቶውን ለሲስተሙ አስተዳዳሪ ይይዛል። በ4 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ 200 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዲስኩ የመረጃ ማስቀመጫ ብቻ ከሆነ ወደ 1 በመቶ ዝቅ አድርጉት።

አሮጌውን ዲስክ ደግሞ ከሌላ ኮምፒውተር ገብታችሁ ፎቶዎቹንና ሰነዶቹን እስክትከፍቱ ድረስ አትንኩት።