ካሜራው ያየውን ብቻ ነው እንዴ የሚያሳየው?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት አጋሮ አጠገብ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ስለ መረጃ ምንጮች ሳስተምር፣ «ልብ ወለድ ፊልም ፈጠራ ነው፤ ዶኩመንተሪ (ዘጋቢ) ፊልም ግን ካሜራው ያየውን ብቻ ያሳያል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ እኛ ቤት ቡና ለቀማ ሲቀርጹ እናቴን የበዓል ቀሚሷን አስለብሰው ነው ያስለቀሟት። ሦስት ጊዜም አስደገሟት። እሱስ ዶኩመንተሪ አይደለም?» አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት። ልምምዱም አለቀ፤ አልተመለስኩበትም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያ ዕዳ ስላለብኝ ነው። እንደኔው ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ጓደኛ ካለም ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ዶኩመንተሪ ፊልም አንድ ዓይነት አይደለም። ዋና ዋናዎቹን አሠራሮች ቀጥሎ እንመልከት።

አንደኛው፣ ኑሮን እንደገና አሠርቶ የሚቀርጸው ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፍላኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው «ናኑክ ኦቭ ዘ ኖርዝ» በካናዳ በረዷማ አገር የሚኖሩ አንድ አዳኝና ቤተሰባቸውን ያሳያል። ይሁን እንጂ የሰውየው ስም ናኑክ ሳይሆን አላካሪያላክ ነበር። የአካባቢው ሰዎች በዚያን ጊዜ ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ ለፊልሙ ሲባል ግን በአባቶቻቸው መሣሪያ እንዲያድኑ ተደረገ። የበረዶ ቤቱ ውስጥም ለካሜራ ጨለማ ስለሆነ ግማሹ ክፍት የሆነ ቤት ተሠራ። እንግዲህ የተማሪዬ እናት ቀሚስ ነገር አዲስ አይደለም፤ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል።

ሁለተኛው፣ ተራኪ ያለበት ነው። ድሮ ካሜራውም የድምፅ መቅጃውም ከባድ ስለነበረ፣ የሰዎቹን ንግግር በየሜዳው መቅዳት አስቸጋሪ ነበር። በመሆኑም ሥዕሉ ተቀርጾ ካበቃ በኋላ የተራኪ ድምፅ ይጨመርበታል። መሣሪያው ከቀለለ በኋላም ይህ አሠራር አልቀረም። ለምሳሌ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው «ዘ አንኖውን ፋሚን» (ያልታወቀው ረሃብ) ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ሥዕሉን እናያለን፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ግን ጋዜጠኛው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተደብቆ የነበረው ረሃብ በዓለም ታወቀ፣ እርዳታም ተሰበሰበ።

ሦስተኛውን ከዚሁ ፊልም ታሪክ እንማራለን። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በዚህ ጊዜ ግን በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ እየገባ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ልብ በሉ! የተራቡት ሰዎች ያው ናቸው፤ ረሃቡም ግብዣውም እውነት ነበር። የተለወጠው አጠገባቸው የተቀመጠው ሥዕል ነው። የመጀመሪያው ፊልም «እርዱ» አለ፤ ሁለተኛው «ፍረዱ» አለ። ይህ ቅንብር ይባላል። አንዲት የሐሰት ሥዕል ሳያስገባ የፊልሙን ፍርድ ይለውጣል።

አራተኛው፣ ዝም ብሎ የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ቀላል ካሜራና አብሮት ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ሲገኝ፣ ሠሪዎች ያለ ተራኪ ሰውን እግር በእግር መከተል ጀመሩ። ለእኛ ለቡና አገር ልጆች ቅርቡ ምሳሌ ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት «ብላክ ጎልድ» ነው። ፊልሙ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ሲፈልጉ ይከተላል። ተራኪ የለውም፤ አጫጭር ጽሑፎች ብቻ ይታያሉ። ታዲያ አስተያየት የለውም ማለት ነው? አይደለም። ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ካየን በኋላ በውጭ አገር ቡና የሚቀምሱ ባለሙያዎችን ስናይ፣ ማንም ሳይነግረን ዋጋውን እናወዳድራለን። እንድናወዳድር ያደረገን ያው ቅንብር ነው።

አምስተኛው፣ «እኔ» ብሎ የሚናገረው ነው። ሳለም መኩሪያ «የወንዝ ማይበል» በተባለው ፊልሟ በአብዮቱ ዘመን ያጣቻቸውን ወንድሟንና የቅርብ ጓደኛዋን አንሥታ የዘመኑን ታሪክ በራሷ ድምፅ ትተርካለች። ከየት ሆና እንደምትናገር አልደበቀችም።

ስድስተኛው ወደ ግጥም የሚጠጋው ነው። ጄሲካ በሽር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» በሐረር አካባቢ ስለ ጫትና ስለ ወጣቶች ስደት በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። ከማስረዳት ይልቅ ስሜቱን ያሳድርብናል፤ መረጃ የሚፈልግ ተማሪ ግን ሌላ መጽሐፍ ማገላበጥ አለበት።

አሁን ወደ ተማሪዬ እናት ልመለስ። ባለ ተራኪው ፊልም እሸት ቡና ሲለቅሙ እያሳየ ስለ ቡና ታሪክ ይነግረናል። የሚከተለው ካሜራ ከጓሮ እስከ ማድረቂያ አልጋ፣ ከዚያም እስከ ገበያ አብሯቸው ይሄዳል፤ ሲከራከሩም ይሰማል። በ«እኔ» የሚተርከው ቢሆን ደግሞ ፊልሙን ልጅቷ ራሷ ትሠራዋለች። የበዓል ቀሚስ ያስለበሱት ሰዎችም ምናልባት ለማሳመር ብለው ይሆናል። ነገር ግን ያን ፊልም የሚያይ የሩቅ ሰው ቡና ለቀማ በዓል ይመስለዋል። ጭቃው፣ ጉንዳኑ፣ የወገብ ሕመሙ የት ገባ?

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ዶኩመንተሪ ስናሳይ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። ማን ነው የሚናገረው? የሚታዩት ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋል? ይህ ሥዕል ከዚያኛው አጠገብ ለምን ተቀመጠ? ካሜራው ባይኖር ኖሮ ይህ ነገር ይደረግ ነበር? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የለመደ ተማሪ ጋዜጣ ሲያነብም ሬዲዮ ሲያዳምጥም አይታለልም።

ለተማሪዬ የምሰጣት መልስ ይህ ነው። ቡናው እውነት ነው፤ የእናትሽም እጅ እውነት ነው። ቀሚሱን ግን ሌላ ሰው ነው የመረጠው፤ ፊልሙም ያን አልነገረንም። ጥያቄሽ ከእኔ ሰሌዳ የተሻለ ትምህርት ነበር። በሚቀጥለው ዕረፍት በአጋሮ በኩል ሳልፍ እዚያው ክፍል ገብቼ ይህንኑ እነግራታለሁ፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትንም ራሴ አጠፋዋለሁ።

ከአንድ ዕጩ መምህር