ለቡና ለቃሚዋ ዓይን የሚጨነቅ ሙያ

ኮንጋ ሄደው ያውቃሉ? ይርጋጨፌ አካባቢ ነው። ታጥቦ በማድረቂያ አልጋ ላይ በተሰጣው ቡና ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመው የተሰበረውን፣ በነቀዝ የተበሳውንና ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ እየለቀሙ ያወጣሉ። የይርጋጨፌ ቡና ስም በእነዚህ ዓይኖች ላይ የቆመ ነው ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ፣ 40 ዓመት ገደማ ሲሞላን የዓይናችን ሌንስ እየጠጠረ ቅርብ ያለውን ማየት ያስቸግረናል። በ2018 እ.ኤ.አ. በ«ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» የታተመ ጥናት፣ በሕንድ አሳም 40 ዓመት ያለፋቸው ሻይ ለቃሚዎች መነጽር ሲሰጣቸው ምርታቸው ካልተሰጣቸው በ22 በመቶ ገደማ በልጦ አግኝቶታል። ቡና ለቃሚዋም የተለየ ዓይን የላትም።

እዚህ ላይ ነው የእይታ መሣሪያ ንድፍ ባለሙያ የሚያስፈልገው። ሥራው ብርሃን በሌንስ ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ማስላት ቢሆንም፣ መነሻው ሰው ነው። የኦክስፎርዱ የፊዚክስ ሊቅ ጆሹዋ ሲልቨር በ1985 እ.ኤ.አ. «ሰው መነጽሩን ራሱ ቢያስተካክልስ?» ብሎ ማሰብ ጀመረ። በስስ ሽፋኖች መካከል የሲሊኮን ዘይት አደረገ። ከክፈፉ ጋር በተያያዘ ትንሽ ሲሪንጅ ዘይቱ ሲጨመር ሌንሱ ያብጣል፣ ቅርቡ ይጠራል፤ ሲቀነስ ይሰረጉዳል፣ ሩቁ ይጠራል። መለኪያ ባለሙያ በሌለበት አገር ትልቅ ነገር ነው። ግን አስቲግማቲዝም ያለበትን ሰው አይረዳም፤ ክብና ወፍራም መልኩም ብዙዎችን አልማረከም። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህኛው አልገረመኝም፤ ማንም ሰው ፊቱ ላይ የሚያደርገውን ነገር ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይገዛም።

ለኮንጋዋ ሴት ቢነደፍስ? የማንበቢያ መነጽር የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ለ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው። ቆማ ስትለቅም ግን ፍሬው ከዚያ ይርቃል፤ ስለዚህ ለመጽሐፍ የሚመች መነጽር አልጋው ላይ ያደበዝዝባታል። ላቡ፣ አቧራውና ፀሐዩም አለ። ነዳፊው እዚያው ሄዶ ርቀቱን በሜትር መለካት አለበት።

ፊዚክስ የሚወድ ልጅ ካለዎት ዛሬውኑ ያስጀምሩት። የማንበቢያ መነጽር ይዞ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ የውጭው ዛፍ ምስል ተገልብጦ እስኪጠራ ያስጠጋው፣ ያርቀው። ከሌንሱ እስከ ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አንድን ለ0.5 ያካፍል፦ የመነጽሩ ኃይል 2 ዳዮፕተር ነው።