ለእርሻ አጥር ጠንካራ የጥግ ምሰሶና ደጋፊ ስለ ማቆም

አጥር መፍረስ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከጥጉ ነው። የረገበ ሽቦ ያየ ገበሬ ሽቦውን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ቢሄድ፥ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ወይም ሥሩ ከመሬት የተነሣ የጥግ ምሰሶ ያገኛል። መቶ የመሐል ቋሚዎች በደንብ ቢተከሉም አራቱ የጥግ ምሰሶዎች ደካሞች ከሆኑ የወጣው ገንዘብና የፈሰሰው ላብ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አጥር ለማጠር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ለጥግ ምሰሶዎቹና ለደጋፊዎቻቸው ማሰብ አለበት። ከዚህ በታች የምሰሶውን አመራረጥ፥ አተካከልና አደጋገፍ በየተራ እንገልጻለን።

አጥሩ የሚጠብቀው ሀብት

በዶዮገናና በአካባቢው መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡም ብዙ ስለ ሆነ የአንዱ ጓሮ ከሌላው ጋር ይዋሰናል። በጓሮው ውስጥ የሚገኘው ዋናው ሀብት፥ በከምባታና በሐዲያ ዌሳ የሚባለው እንሰት ነው። እንሰት ተፍቆ ቆጮና ቡላ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። በአንድ ሌሊት አንዲት ላም ገብታ የበላችውን ወይም የረገጠችውን ችግኝ በሚመጣው ዓመት መተካት አይቻልም፤ የጠፋው የዓመታት ድካም ነው።

ከዚህም ሌላ የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ። ይህን በሽታ በአገራችን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ አስታውቀዋል። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሲሆን፥ ባልጸዳ ቢላዋና መቆፈሪያ እንደሚተላለፍ ሁሉ፥ የታመመውን እንሰት በልተው ወደ ጤነኛው በሚሄዱ እንስሳት አማካይነትም ሊዛመት ይችላል። የታመመ እንሰት መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ ማስወገድ ብቻ ነው። እንግዲህ አጥር ከብትን ብቻ ሳይሆን በሽታንም ይከለክላል።

በጎችንም እናስብ። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከዶዮገና ገበሬዎች ጋር ሆነው ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዶዮገናን በግ በምርጫ የማሻሻል ሥራ ሠርተዋል። የዚህ ሥራ መሠረት የተመረጠው አውራ ብቻ እንዲያጠቃ ማድረግ ነው። ያልተመረጠ አውራ በረገበ ሽቦ ሾልኮ ወደ እናት በጎቹ ከገባ ግን የምርጫው ድካም በአንድ ቀን ይበላሻል። አጥር በመፍረሱ ምክንያት በጎረቤቶች መካከል የሚነሣውን ጠብና የሽማግሌ ጉባኤ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

በምሰሶው ላይ የሚያርፈው ኃይል

የጎጆ ቤት ምሰሶ ክብደት የሚመጣበት ከላይ ነው፤ ጣሪያው ወደ ታች ይጫነዋል፥ መሬቱም ይሸከመዋል። የአጥር ጥግ ምሰሶ ግን ወደ ጎን ይጎተታል። የመሐል ቋሚ ከግራም ከቀኝም ስለሚጎተት ሁለቱ ጉተታዎች ይመጣጠናሉ። የጥግ ምሰሶ ግን የሚጎተተው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል የሚያግዘው የለም።

ለምሳሌ አጥሩ 5 ሽቦ ቢኖረውና እያንዳንዱ ሽቦ በ100 ኪሎ ጉልበት ቢወጠር፥ ምሰሶው 500 ኪሎ ጉተታ ይሸከማል። ይህም ኃይል ሌትና ቀን አያርፍም። በደጋው ብርድ ሽቦው ስለሚኮማተር ሌሊት ጉተታው ይጨምራል። በክረምት ደግሞ ቀዩ አፈር ውኃ ጠጥቶ ስለሚለሰልስ የምሰሶው ሥር ይላላል። ወፍራም ምሰሶ ብቻውን በጥልቅ ቢቀበርም ቀስ በቀስ የሚያዘነብለው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ደጋፊ ማበጀት ነው።

እንጨቱን ስለ መምረጥና ስለ ማዘጋጀት

ለጥግ ምሰሶ ወይራና የሐበሻ ጥድ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ልባቸው ብስባሴንና ምስጥን ይቋቋማል። ይሁን እንጂ እነዚህ ዛፎች ስለ ተመናመኑ፥ ከደን መቁረጥ ሳይሆን ከፈረሰ ቤት ወይም ከአሮጌ አጥር የተረፈ ጤነኛ እንጨት ካለ ለጥጉ ማዋል ይገባል። ለአብዛኛው ገበሬ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍም ያገለግላል፤ ነገር ግን ቀጭንና ለጋ የሆነው ቶሎ ስለሚበሰብስ ለጥግ የሚሆነው የበሰለና ልቡ የጠነከረ ግንድ ነው።

የጥግ ምሰሶ ውፍረቱ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20 ይሁን። ለመሐል ቋሚዎች ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። እንጨቱ በበጋ መግቢያ፥ በጥቅምትና በኅዳር ተቆርጦ ልጡ ወዲያው ይላጥ። ልጥ እርጥበት ይይዛል፥ ለምስጥና ለነቀዝም መጠለያ ይሆናል። ከዚያም ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጎ፥ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ወር ማድረቅ ነው።

ብዙ ሰዎች የምሰሶውን ሥር በእሳት ይለበልባሉ። መለብለብ ግን የእንጨቱን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ከብስባሴ ያን ያህል አያድንም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም አፈሩን ይበክላል፤ በተለይ ቆጮ በሚቀበርበት ጓሮ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ጉድጓዱን ስለ መቆፈርና አፈሩን ስለ መጠቅጠቅ

የጉድጓዱ ጥልቀት 90 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት ሁለት ክንድ ያህል ይሁን። ስፋቱ ምሰሶውን ካስገቡ በኋላ ዙሪያውን ለመጠቅጠቅ የሚበቃ ብቻ ይሁን፤ ጉድጓዱ በሰፋ መጠን ያልተነካው ጠንካራ አፈር ይቀንሳል። ሲቆፈር ጥቁሩን የላይ አፈር በአንድ በኩል፥ ቀዩን የታች አፈር በሌላ በኩል ለዩ። ለመሙያ የሚጠቅመው ቀዩ ነው፤ ጥቁሩ ቅጠላ ቅጠል ስላለበት ይሰምጣል፥ እርጥበትም ይይዛል።

ምሰሶውን ወፍራሙን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ትከሉ። አፈሩን በአንድ ጊዜ አትሙሉ። ከአንድ ስንዝር ያነሰ አፈር እየጨመራችሁ በወፍራም ዱላ ወይም በብረት መቆፈሪያ ጀርባ እየዞራችሁ ጠቅጥቁ፤ አፈሩ እስኪጠነክር ድረስ ሌላ አትጨምሩ። ብዙ ሰው ታችኛውን አፈር ሳይጠቀጥቅ ላይኛውን ብቻ ይረግጣል፤ እንዲህ ያለው ምሰሶ በመጀመሪያው ክረምት ይንቀሳቀሳል። ሥራው ሲያልቅ ውኃ እንዳይተኛበት በዙሪያው አፈር ከምሩ፤ የምሰሶውንም ራስ ዝናብ እንዲወርድበት በሰያፍ ቁረጡት።

ባለ አግዳሚ ደጋፊ

ከሁሉ የሚበረታው ደጋፊ በሁለት ምሰሶ፥ በአንድ አግዳሚና በአንድ ሰያፍ ሽቦ የሚሠራው ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ከጥግ ምሰሶው 2 ሜትር ከ40 ርቀት ላይ በአጥሩ መሥመር ረዳት ምሰሶ ትከሉ። ጥልቀቱና አጠቃጠቁ ከጥግ ምሰሶው አይነስ።

2ኛ. ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ በሁለቱ ምሰሶዎች ገጽ ለገጽ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ማረፊያ ቅረጹ። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ አግዳሚ በመካከላቸው አስገቡና በረጅም ምስማር አጽኑት።

3ኛ. ወፍራምና ዝገት የማይዘው ሽቦ ውሰዱ። ከጥግ ምሰሶው ግርጌ ጀምራችሁ በሰያፍ ወደ ረዳት ምሰሶው ራስ፥ አግዳሚው ወደሚያርፍበት ከፍታ አዙሩትና መልሳችሁ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ እሰሩ።

4ኛ. በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አጭርና ጠንካራ ዱላ አስገብታችሁ፥ ሽቦው ሲመቱት እስኪጮኽ ድረስ አጡዙት። ዱላው እንዳይመለስ ከአግዳሚው ጋር እሰሩት።

የሰያፉን ሽቦ አቅጣጫ አጥብቃችሁ ያዙ። አጥሩ የጥግ ምሰሶውን ራስ ሲጎትት፥ አግዳሚው ግፊቱን ወደ ረዳት ምሰሶው ራስ ያስተላልፋል። የረዳት ምሰሶው ራስ እንዳይሄድ የሚይዘው ከጥጉ ግርጌ የመጣው ሽቦ ነው። ሽቦው ተገልብጦ ከጥጉ ራስ ወደ ረዳቱ ግርጌ ቢታሰር ግን ምሰሶው ሲያዘነብል ይረግባል እንጂ አይከለክለውም።

የአግዳሚው ርዝመትም ያለ ምክንያት አልተወሰነም። ደጋፊው የጎን ጉተታውን ሲቋቋም የጥግ ምሰሶውን ወደ ላይ ሊነቅለው ይሞክራል። 500 ኪሎው ጉተታ በአማካይ በ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢያርፍ፥ 2 ሜትር ከ40 አግዳሚ ያለው ምሰሶ 125 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይነሣል። አግዳሚው በግማሽ ቢያጥር ይህ ኃይል እጥፍ ሆኖ 250 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ አግዳሚው ከአጥሩ ከፍታ ሁለት እጥፍ እንዳያንስ ይሁን።

ባለ ዘንባላ ደጋፊ

እንጨት ላነሰው ገበሬ አንድ ዘንባላ ደጋፊ ይበቃል። ደጋፊው መቆም ያለበት ሽቦው በሚሄድበት በኩል፥ በአጥሩ መሥመር ላይ ነው፤ ሥራው ወደ እርሱ የሚወድቀውን ምሰሶ መግፋት ነውና። በውጭ በኩል የቆመ ዘንባላ እንጨት የሚይዘው በምስማሩ ብቻ ስለ ሆነ፥ ምስማሩ ሲነቀል አብሮ ይወድቃል።

የደጋፊው ራስ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተቀረጸ ማረፊያ ይግባ። እግሩ ግን ከምሰሶው ከ2 ሜትር በላይ ይራቅ። እግሩ ቀርቦ ደጋፊው ቀጥ ብሎ ከቆመ ምሰሶውን ከመያዝ ይልቅ ወደ ላይ ይነቅለዋል። እግሩን ባዶ አፈር ላይ አታሳርፉት፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀብራችሁ በእርሱ ላይ ይደገፍ። በመጨረሻም የደጋፊውን እግር ከምሰሶው ግርጌ ጋር በእጥፍ ሽቦ አስራችሁ አጡዙት።

ስለ ጥግ፥ ስለ በርና ስለ ተዳፋት

አጥሩ የሚታጠፍበት ጥግ ከሁለት አቅጣጫ ስለሚጎተት ሁለት ደጋፊ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በአንደኛው መሥመር፥ ሌላው በሁለተኛው መሥመር ይቆማል። ለሁለቱ አንድ ደጋፊ በመሐል ማቆም አይበቃም። የበር ምሰሶም ሽቦ ከታሰረበት እንደ ጥግ ምሰሶ ይቆጠር።

የዶዮገና መሬት ኮረብታና ሸለቆ የበዛበት ነው። ሽቦ በሸለቆ ላይ ሲያልፍ በዝቅተኛው ቦታ ያለውን ቋሚ ወደ ላይ ይነቅላል። ስለዚህ በዚያ ቦታ ትልቅ ድንጋይ በሽቦ ጠፍራችሁ በጥልቅ ቅበሩና ቋሚውን ከእርሱ ጋር እሰሩ።

ሽቦውን ከመወጠር በፊትና በኋላ

ምሰሶው ከተተከለ በኋላ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ አፈሩ ይጠብቃል። ከዚያም በራሱ ላይ ገመድ አስራችሁ አራት ጎልማሶች ሽቦው በሚጎትትበት አቅጣጫ ይጎትቱት። ከተነቃነቀ አሁኑኑ አስተካክሉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ሽቦ ከተወጠረ በኋላ ማረም ድካሙ እጥፍ ነው።

እሾኻማ ሽቦ ሲወጠር ሊበጠስና ሰው ሊያቆስል ስለሚችል፥ ወጣሪው ወፍራም ልብስ ይልበስ፤ ሌላ ሰው በሽቦው አጠገብ አይቁም፤ ሕፃናትም ይራቁ። ሽቦው በጥግ ምሰሶው ላይ ዙሪያውን ተጠምጥሞ በራሱ ላይ ይታሰር። በመሐል ቋሚዎች ላይ ግን የታጠፈው ምስማር ሽቦውን አይንከሰው፤ ሽቦው እንዲንሸራተት ትንሽ ክፍተት ተዉለት። ለበግ ታችኞቹ ሽቦዎች ይቀራረቡ፤ ወይም የታችኛው ክፍል በተፈለጠ ቀርከሃ ይታጠር።

በዚሁ ጊዜ ስለ ነገው አጥር ማሰብም ይገባል። በሽቦው መሥመር ላይ የቆርች ቅርንጫፍ ቢተከል ሥር አውጥቶ ሕያው ቋሚ ይሆናል። ነገር ግን ሥር ሳይሰድ ሽቦ አይታሰርበት፤ ካደገም በኋላ ዛፉ ሽቦውን እንዳይውጠው በመካከል ጣውላ ይግባ። ከአጥሩ ሥር ደሾ ሣር ቢተከል አፈሩን ይይዛል፥ ታጭዶም ለከብቱ መኖ ይሆናል።

የልማት ሠራተኞች ይህን ሥራ በቃል ብቻ ከማስረዳት ይልቅ፥ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ሁለት ምሰሶ፥ አንዱን ከነደጋፊው፥ ሌላውን ያለ ደጋፊ፥ አቁመው በእኩል ጉልበት ቢያስጎትቱ ገበሬው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።

ገበሬዎችም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከበልግ በፊትና ክረምቱ ሲወጣ፥ የአጥራቸውን ጥግ ሁሉ ዞረው ይመልከቱ። የላላውን ሰያፍ ሽቦ ማጡዝ፥ የሰመጠውን አፈር መሙላትና መጠቅጠቅ፥ በግርጌው የበሰበሰውን ምሰሶ ሳይወድቅ መለወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጥጉ ጸንቶ ከቆመ የመሐሉን ቋሚ በማንኛውም ጊዜ ማደስ ይቻላል።